ላፕቶፕ ከክፍሎቹ ሲገጣጠም፦ የቱ ክፍል ከየቱ ይስማማል?

የኮምፒውተር ጥገና የሚማሩ ልጆች ዴስክቶፕ ፈትተው መልሰው ከገጠሙ በኋላ አንድ ጥያቄ ሳያነሱ አይቀሩም፦ «መምህር፣ ላፕቶፕስ እንደዚህ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ መገጣጠም አይቻልም?» ይቻላል። ነገር ግን ሥራው ከዴስክቶፑ በጣም ይለያል። ላፕቶፕ ውስጥ ከብዙ ማሽኖች ጋር የሚስማሙ ክፍሎች አሉ፤ ከአንድ ሞዴል በቀር ከምንም የማይገጥሙም አሉ። ይህን ድንበር አስቀድሞ ያወቀ ሰው ገንዘቡን በቦታው ያውላል። ያላወቀው ደግሞ ጥሩ ማዘርቦርድ ገዝቶ የሚያስገባበት አካል ያጣል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችን በፊት ስለ ልክ እንነጋገር።

ዴስክቶፕ ለምን ይቀላል?

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን የልክ ስምምነት አወጣ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስምምነቱ የማዘርቦርዱን መጠን 305 በ244 ሚሊሜትር ብሎ ይወስናል። ብሎኖቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ቦታ፣ ከኋላ በኩል ገመዶች የሚሰኩበትን መስኮት፣ ፓወር ሰፕላዩ የሚሰጠውን ቮልቴጅና የመሰኪያውን ቅርጽ ጭምር ይደነግጋል። ከዚያ ወዲህ አንዱ ፋብሪካ የሠራው ማዘርቦርድ ሌላው በሠራው ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ሦስተኛው በሠራው ፓወር ሰፕላይ ይነሳል። አምራቾቹ አንድ ጊዜም ተነጋግረው አያውቁ ይሆናል፤ ሁሉም የሚሠሩት ግን በዚያው ልክ ነው።

ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ስምምነት የለውም። የላፕቶፕ ማዘርቦርድ ለአንድ ሰው ገላ ተለክቶ እንደተሰፋ ልብስ ነው። ፋኑ የሚቀመጥበት ቦታ ሲታወቅ ቦርዱ እዚያ ላይ ይጎደጉዳል፤ ባትሪው ሲተኛ ደግሞ ከሥሩ ይቆረጣል። የዩኤስቢና የቻርጀር መሰኪያዎቹ ቦርዱ ጠርዝ ላይ ስለተበየዱ የአካሉ ቀዳዳ ከእነርሱ ጋር በሚሊሜትር መግጠም አለበት። ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ወደ ፋኑ የሚወስደው የመዳብ ቱቦም ለዚያው ቦርድ ብቻ የታጠፈ ነው። የአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርድ አይዋዋሱም።

የጋራ ልክ ለማውጣት የተደረገ ሙከራ

ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ሊለወጥ ይችል ነበር። ኢንቴል በ2005 እና በ2006 ከታይዋኖቹ አምራቾች ከአሱስ፣ ከኮምፓልና ከኳንታ ጋር ሆኖ ስክሪን፣ ሀርድ ዲስክ፣ የሲዲ ማጫወቻ፣ ባትሪ፣ ቻርጀርና ኪቦርድ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው እንዲዛወሩ የጋራ ልክ ለመዘርጋት ሞክሮ ነበር። ዴስክቶፕ እየገጣጠሙ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ላፕቶፕም እንዲገጣጥሙ የታሰበ ነበር።

አልሰመረም። ገበያው ፊቱን ወደ ቅጥነት አዞረ። አፕል በ2008 ማክቡክ ኤርን አወጣ፤ ኢንቴል ራሱም በ2011 አልትራቡክ በሚል ስም ቀጫጭን ላፕቶፖችን ማስፋፋት ጀመረ። በ2012 የወጣው ባለ ሬቲና ስክሪን ማክቡክ ፕሮ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ፣ ባትሪው በማጣበቂያ የተለጠፈ ነበር። ሌሎቹም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ለዚህ ኩባንያዎችን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። መሰኪያ ቦታ ይበላል፤ ብሎንም፣ የሚከፈት ክዳንም እንደዚያው። እኛ ገዢዎችም ላፕቶፑን በእጃችን መዝነን ቀለል ያለውን መረጥን። የከፈልነው ዋጋ የታወቀን ከዓመታት በኋላ፣ ባለ 4 ጊጋባይቱ ማሽን አልበቃ ሲለን ነው።

በየማሽኑ የሚስማሙት ክፍሎች

አሁን ለምርጫ ክፍት ወደሆኑት እንምጣ። የመጀመሪያው ራም ነው። የላፕቶፕ ራም ሶዲም ይባላል፤ ርዝመቱ 67.6 ሚሊሜትር ነው፤ ከዴስክቶፑ ራም ግማሽ ያህላል። በትውልድ ይለያያል፦ ዲዲአር 3 ያለው መገናኛ 204፣ ዲዲአር 4 ያለው 260፣ ዲዲአር 5 ያለው 262 ነው። የጠርዙ ቁርጥ በየትውልዱ ቦታው ስለሚለያይ ያለ ትውልዱ አይገባም። አልገባ ካለ አትግፉት፤ ተሳስታችሁ የገዛችሁት ነው። ሁለት ማስገቢያ ካለ ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ራም ከመክተት ባለ 8 ሁለት መክተት ፍጥነት ይጨምራል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባልና። በተለይ የብቻው የግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ከዚህ ብዙ ይጠቀማል። ለወደፊት አንዱን ማስገቢያ ባዶ መተው የሚሻለው በቅርቡ እንደምትጨምሩ እርግጠኛ ከሆናችሁ ብቻ ነው።

የተበየደውን ራም ችግር ቀጭንነትና የኃይል ቁጠባ ሳያጡ የሚፈታ መንገድም መጥቷል። ካም 2 የተባለው የራም ልክ በ2023 መጨረሻ በኢንዱስትሪው የደረጃ አውጪ አካል በጄዴክ ጸደቀ። ከቦርዱ ጋር ተጋድሞ በብሎን የሚታሰር ሰሌዳ ነው። በ2024 ሌኖቮ በአንዱ የቲንክፓድ ሞዴሉ ላይ ተጠቅሞበታል። እንዲስፋፋ ከልቤ እመኛለሁ።

ሁለተኛው ኤስኤስዲ ነው። ዛሬ የተለመደው ኤም ዶት ቱ የሚባለው ጠፍጣፋው ነው። 2280 የሚለው ቁጥር ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፤ 2230 ደግሞ ያው ስፋት ሆኖ ርዝመቱ 30 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሳታና ኤንቪኤምኢ የተባሉት ሁለት ዓይነቶች ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ቋንቋቸው ግን ለየቅል ነው። የሳታው በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል፤ ኤንቪኤምኢው በሺዎች ሜጋባይት ያነባል። ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚቀበል ቦርድ ላይ ሳታውን ብትሰኩት ማሽኑ አያየውም። መጠኑ በውሸት የተጻፈበት ኤስኤስዲና ፍላሽም በገበያው ላይ አለ። 1 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠው ከጥቂት ጊጋባይት በኋላ የጻፋችሁትን እያጠፋ ይቀበላል። ስለዚህ ፋይላችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሙሉ መጠኑን ጽፎ መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም ፈትሹት፤ ለሊኑክስ ኤፍ 3 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል።

የዋይፋይ ካርድ ትንሽ ናት፤ ወጥመድ ግን አላት። ኢንቴል የሠራት ኤኤክስ 210 በአብዛኛው ማሽን ላይ ትሠራለች። መንትያዋ የምትመስለው ኤኤክስ 211 ግን ግማሽ ሥራዋን ለኢንቴል ፕሮሰሰር ስለምትተው ኤኤምዲ ያለበት ላፕቶፕ ላይ አትሠራም። የአንዲት ቁጥር ልዩነት ናት፤ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቧት።

ቻርጀር ደግሞ ከሁሉም በተሻለ የተስማማው ክፍል ሆኗል። በታይፕ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ ቻርጀሩን ያናግረዋል፤ 5፣ 9፣ 15 ወይም 20 ቮልት ይጠይቀዋል። ይህ ስምምነት መጀመሪያ እስከ 100 ዋት ነበር፤ በ2021 ወደ 240 ዋት ከፍ ብሏል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሚያዝያ 28 ቀን 2026 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች በታይፕ ሲ እንዲሞሉ ደንግጓል። ከ60 ዋት በላይ ለማሳለፍ ኬብሉም 5 አምፔር የሚችል መሆን አለበት፤ የስልክ ኬብል አይበቃም።

ስክሪን በሚስማሙትና በማይስማሙት ክፍሎች መሃል ይቆማል። የገመዱ መሰኪያ ባለ 30 ወይም ባለ 40 መገናኛ ነው፤ ውፍረቱና የመያዣ ጆሮዎቹም ይለያያሉ። መግዛት ያለባችሁ የድሮው ስክሪን ጀርባ ላይ የተጻፈውን ኮድ ይዛችሁ እንጂ በኢንች ብቻ ለክታችሁ አይደለም።

ማዘርቦርድ፣ አካል፣ ማጠፊያ፣ የማቀዝቀዣ ቱቦ፣ ኪቦርድና ባትሪ ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው። የቤተሰቡን ምርጫ ታደርጋላችሁ እንጂ አባላቱን አትቀላቅሉም።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው፣ ቤተሰቡን ከአንድ አምራች ገዝቶ የቀረውን በራስ መሙላት ነው። የታይዋኑ ክሌቮ ባዶ አካል ከነቦርዱ ለሻጮች ሲያቀርብ ኖሯል። ለተራ ገዢ በሩን በደንብ የከፈተው ግን ፍሬምወርክ ነው። ቀድሞ ኦኩለስ በተባለው ኩባንያ ውስጥ የነበረው ኒራቭ ፓቴል የመሠረተው ይህ የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ላፕቶፕ በ2021 አወጣ። ራም፣ ኤስኤስዲና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳይገባበት ገዝታችሁ እናንተ ትሞሉታላችሁ። የጎን መሰኪያዎቹን ሳይቀር፣ ዩኤስቢ ይሁን ኤችዲኤምአይ፣ እንደ ካርድ እያወጣችሁ ትቀይራላችሁ። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ንድፉ ለሁሉም የተገለጸ ማሽን ነው። በ2014 አንድሩ ሁዋንግና ሾን ክሮስ ኖቬና የተባለውን ላፕቶፕ ከነንድፉ አቀረቡ። በ2017 ኦሊሜክስ የተባለው የቡልጋሪያ ኩባንያ ቴረስ የሚለውን ተገጣጣሚ አወጣ። በርሊን ያለው የሉካስ ሃርትማን ኩባንያ ኤም ኤን ቲ ደግሞ በ2020 ሪፎርም የተባለውን ይዞ መጣ፤ እያንዳንዱ ቦርድ፣ ኪቦርዱ፣ አካሉም ሳይቀር ንድፉ በእጃችሁ ይገባል። እነዚህ ፈጣን ማሽኖች አይደሉም። ሪፎርም ሲወጣ በያዘው ፕሮሰሰር ከባድ የቪዲዮ ሥራ መሥራት አይታሰብም ነበር። ኤሌክትሮኒክስ ለሚማር ሰው ግን የመማሪያ መጽሐፍ ናቸው፤ የቮልቴጁን ጉዞ ከቻርጀር መሰኪያው እስከ ፕሮሰሰሩ በንድፉ ላይ እየተከተለ ቴስተሩን ቦርዱ ላይ ያሳርፋል።

ሦስተኛው ለእኛ አገር ሰው በጣም የቀረበው ነው፤ ከሁለት የተበላሹ ላፕቶፖች አንድ የሚሠራ ማውጣት። አንዱ ስክሪኑ ተሰብሯል፤ የሌላው ቦርድ ተቃጥሏል። ሞዴላቸው አንድ ከሆነ ቤተሰቡ አንድ ነውና ሁሉም ይዛወራል። በአዲስ አበባ የጥገና ሱቆች የሚሠሩ ወጣቶች ይህን በየቀኑ ያደርጉታል፤ ሙያ ነው፤ ክብር ይገባዋል። ለዚህ ሥራ ለቢሮ የተሠሩ እንደ ቲንክፓድና ላቲቱድ ያሉ ላፕቶፖችን ምረጡ። ኩባንያዎች በብዛት ገዝተው በአንድ ጊዜ ስለሚያስወግዷቸው መለዋወጫቸው አይጠፋም፤ የመፍቻ መመሪያቸውም በአምራቹ የታተመ ነው።

ባትሪ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

የባትሪን አቅም በዋት-አወር እንለካለን፤ ቮልቱን በአምፔር-አወሩ ማባዛት ነው። 15.4 ቮልትና 3.57 አምፔር-አወር ያለው ባትሪ 55 ዋት-አወር ይዟል፤ የመጀመሪያው ፍሬምወርክ የያዘው ይህን ያህል ነበር። ላፕቶፑ በአማካይ 10 ዋት ከበላ አምስት ሰዓት ተኩል፣ 20 ዋት ከበላ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። መብራት ለሚጠፋበት ቤት ይህ ስሌት ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይበልጣል።

ባትሪው ውስጥ ያሉት ሴሎች በሊቲየም-አዮን የሚሠሩ ናቸው፤ የተለመደው ዓይነት ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ይሞቃል፤ ሊቀጣጠልም ይችላል። ይህንን የሚጠብቀው ከሴሎቹ ጋር ያለው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። እያንዳንዱን ሴል ይለካል፤ አንዱ ሲዛባ ይቆርጣል። ስለዚህ የባትሪ ሴል በስታኞ በይዳችሁ የራሳችሁን ባትሪ አትሥሩ። የካውያው ሙቀት የሴሉን ውስጥ ይጎዳል፤ ፋብሪካዎች በቅጽበታዊ የነጥብ ብየዳ የሚያያይዙት ለዚህ ነው። ሪፎርም ግን ስምንት ሲሊንደር ሴሎችን በመያዣ ውስጥ አስቀምጦ በእጅ እንዲቀየሩ ያደርጋል። ይህን የቻለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለውን ዓይነት ስለመረጠ ነው፤ በአንድ ሴል 3.2 ቮልት ብቻ ይሰጣል፤ የሚይዘው ኃይል አነስ ይላል፤ ሙቀትን ግን በጣም ይታገሣል።

ያበጠ ባትሪ ካያችሁ አትጫኑት፤ አትውጉት፤ አታስሞሉት። አውጡት፤ ከሚቀጣጠል ነገር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ዘመድ ከውጭ መለዋወጫ ባትሪ ሲያመጣም ደንብ አለ። ከ100 ዋት-አወር ያልበለጠ ባትሪ ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ ይጓዛል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው ፈቃድ ይጠይቃል። ከላፕቶፑ ተነጥሎ የሚጓዝ ባትሪ ደግሞ ምንጊዜም በእጅ ሻንጣ ነው እንጂ ወደ ጭነት አይገባም፤ መገናኛዎቹም በፕላስተር ይሸፈኑ። ይህን ሳትነግሩት ዘመዳችሁን አታስቸግሩ።

ጠረጴዛው ላይ

ሥራው ራሱ ከዝግጅቱ ያጥራል። ፍሬምወርክን ከሆነ የምትገጥሙት፣ ከሥሩ አምስት ብሎኖች ትፈታላችሁ፤ ብሎኖቹ ከቦታቸው ስለማይወጡ አይጠፉም። የሚያስፈልገው ባለ ኮከብ ካቻቢቴም አብሮ ይመጣል። በሌላ ላፕቶፕ ላይ ግን ብሎኖቹ በርዝመት ይለያያሉ። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁት ቦርዱን ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሥላችሁ ብሎኖቹን በየቦታቸው በፕላስተር ለጥፏቸው።

ሰውነታችሁ ላይ የተጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል። ምንጣፍ ላይ አትሥሩ፤ ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ከመሬት ጋር የተገናኘ የብረት ነገር፣ ለምሳሌ የብረት የውሃ ቧንቧ፣ ንኩ። ቻርጀሩን ንቀሉ፤ አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነም ክዳኑ እንደተከፈተ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን መሰኪያ ማላቀቅ ነው።

ራሙን ጋደል አድርጋችሁ ወርቃማው ጠርዝ እስኪደበቅ ትገፉታላችሁ፤ ከዚያ ወደ ታች ስትጫኑት ሁለቱ ጆሮዎች «ቀጭ» ብለው ይይዙታል። ኤስኤስዲውም እንዲሁ ጋደል ብሎ ይገባል፤ ጫፉን ተጭናችሁ በብሎን ታስሩታላችሁ። የሚያስቸግረው የዋይፋዩ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ክብ ጫፋቸውን በትክክል ከላይ አስተካክላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ወደ ጎን ከገፋችሁት ይጣመማል። አይናችሁ ካልያዘላችሁ የስልካችሁን ካሜራ አጉልታችሁ ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ማብራት

አብርታችሁት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቢቆይ ወዲያው አታጥፉት። ዲዲአር 5 ያለው ማሽን አዲስ ራም ሲገባበት የራሙን ፍጥነትና ጊዜ እየሞከረ ይለካል፤ ይህ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ብዙ ጀማሪ በዚህች ጊዜ ደንግጦ ኃይሉን ይቆርጥና ሥራውን እንደገና ያስጀምረዋል። ታገሡት። በጣም ከቆየ ራሙን አውጥታችሁ መልሱ፤ ሁለት ካለም በአንዱ ብቻ ሞክሩ።

ባዮሱ ራሙንና ኤስኤስዲውን ካሳየ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከፍላሽ ትጭናላችሁ። ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ይሁን እንጂ የዋይፋዩን ድራይቨር ላያውቀው ይችላል። ድራይቨሩን ቀድማችሁ በሌላ ፍላሽ አዘጋጁ። ኡቡንቱና ፌዶራ በዚህ በኩል አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግሩም።

ከዚያ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ፈትኑት። ሜምቴስት የተባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ አሠሩት፤ አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ራሙን መልሱ። ከባድ ሥራ ሰጥታችሁ ሙቀቱንና ፋኑን አድምጡ። ባትሪውን ሞልታችሁ እስኪያልቅ ተጠቀሙበትና ከስሌታችሁ ጋር አመሳክሩት።

ዋጋውና የኋላ ኋላው

በእውነት ልናገር፤ ራስ የገጣጠሙት ላፕቶፕ ሱቅ ካለው ተመሳሳይ ላፕቶፕ አይረክስም። ብዙ ጊዜ ይወደዳል፤ ሚሊዮን የሚያመርት ፋብሪካ የሚከፍለውን ዋጋ አንድ ገዢ ሊከፍል አይችልምና። ዋጋ ቀንሶ ለማግኘት ብቻ ከሆነ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ራምና ኤስኤስዲ ጨምሩበት።

ጥቅሙ የሚመጣው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ2021 የተሸጠው የፍሬምወርክ አካል በ2025 የወጣውን ባለ ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ቦርድ ይቀበላል፤ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ባትሪው እንዳሉ ይቀጥላሉ። የወጣው አሮጌ ቦርድም አይጣልም፤ ያለ ባትሪ በታይፕ ሲ ቻርጀር ይነሳል። ከአንድ ሞኒተርና ኪቦርድ ጋር ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሆን ኮምፒውተር ይወጣዋል፤ ለዚሁ የሚሆን ኬዝም በ2023 ለገበያ ቀርቧል። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አስሉ። የመጀመሪያዎቹ ባለ ኢንቴል ቦርዶች የሚጠቀሙት ዲዲአር 4 ራም ነው፤ የኤኤምዲዎቹ ደግሞ ዲዲአር 5። ቦርዱን የቀየረ ራሙንም ይገዛል፤ የድሮው ራም ከድሮው ቦርድ ጋር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሄዳል።